ሞተሩ ጠዋት ለምን አልነሣም አለ?

(በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)

እኛ የውሃ ፓምፕ ሞተር ጠጋኞች ነን። ንግግር የማድረግ ልማድ የለንም፤ እጃችን እንጂ አፋችን አልሠለጠነም። ስለዚህ እንደ ጨዋታ አድርገን እናወጋችኋለን።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ክዳን ነው። ይህች ክዳን ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አትበልጥም። የምትገኘው በቤንዚን በሚሠራው ፓምፕ ላይ፣ ከአየር ማጣሪያው ኋላ ነው። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። እሷን አለማወቅ ችግኝ ያደርቃል፤ ቤንዚን ያባክናል፤ ሞተር ያበላሻል። ጥንቃቄ ካልታከለበትም ሰው እስከ መግደል ይደርሳል።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

የሽንኩርቱ ችግኝ

ወሩ ታኅሣሥ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የተከሉ አንድ አባት ፓምፓቸውን በአህያ ጭነው ወደ እኛ መጡ። ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ድካም ይታይባቸዋል።

«ልጆቼ፣ ይህ ሞተር ሞቷል» አሉን። «ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ስስብ ክንዴ ዛለ። አልነሣም አለ። ችግኙ እየጠወለገብኝ ነው። ጎረቤቶቼም ዓይን በልቶት ነው ይሉኛል።»

«አይዞዎት አባቴ፣ እስቲ እንየው» አልናቸው።

ከአህያው አወረድነው። ቤንዚኑን አየን፤ አለው። ዘይቱን አየን፤ ሙሉ ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ ብንስበው ሞተሩ ድርድር ብሎ ተነሣ! ሰውየው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«እኔ ዘንድ ሲሆን የሚሞት፣ እናንተ ዘንድ ሲመጣ የሚነሣ! ምን አስቀይሜው ይሆን?» አሉ። እኛም ሳቅን፤ እርሳቸውም ሳቁ። ነገር ግን ነገሩ አልገባንም ነበር። «አባቴ፣ ፓምፑ ዛሬ እዚሁ ይደር» አልናቸው።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተን ገመዱን ሳብነው። አልነሣም። ደግመን ሳብነው፤ አሁንም አልነሣም። ያን ጊዜ ምስጢሩ ተገለጠልን። ትናንት ሞተሩ በአህያ ጀርባ ላይ ሆኖ ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ሞቆ ነበር። ዛሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ አድሯል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የአየር ማጣሪያውን ፈተን ውስጡን አየን። ትንሿን ክዳን ከውጭው እጀታ ጋር የምታገናኘው ሽቦ ወልቃ ወድቃለች። ሰውየው እጀታውን ጠዋት ጠዋት ይገፋሉ፤ ክዳኗ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። አንድ ቁራጭ ሽቦ አጥፈን ቀጠልንላት። ክዳኗን ዘግተን ገመዱን ሦስት ጊዜ ስንስበው ሞተሩ ተነሣ።

እኒያ አባት አመስግነውን ሄዱ። እኛ ግን ደስታችን ሙሉ አልነበረም። እርሻቸው እስኪደርሱ ድረስ ከችግኙ ሲሶው ደርቆ ነበርና ነው። ያ ሁሉ ጉዳት የደረሰው በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ምክንያት ነው። የዚያችን ክዳን ሥራ ቀድመው ቢያውቁት ኖሮ፣ ጉድለቱን በመጀመሪያው ጠዋት ራሳቸው ባገኙት ነበር። እኛ ዛሬ እናንተ ዘንድ የመጣነው ስለዚህ ነው።

ሞተር ምን ይበላል?

ሞተር ቤንዚን ብቻ የሚበላ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ሞተር ከቤንዚን ይልቅ አየር ነው በብዛት የሚበላው። እሳት ያለ አየር አይነድም። ምድጃ ላይ ያለ እሳት በድስት ቢደፉበት ይጠፋል። የሞተርም እሳት እንዲሁ ነው።

1 ኪሎ ቤንዚን ደህና አድርጎ ለመቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። «አየር ደግሞ በኪሎ ይመዘናል እንዴ?» ትሉን ይሆናል። አዎን፣ ይመዘናል፤ ግን በጣም ቀላል ነው። ስለዚህ እንዲህ ብለን እናስበው። በደጋውና በወይና ደጋው አገር 1 ሊትር ቤንዚን አቃጥሎ ለመጨረስ፣ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ከ50 በላይ ተሞልቶ የሚገኝ አየር ያስፈልጋል። ያን ያህል አየር ነው ፓምፓችሁ በ1 ሊትር ቤንዚን የሚተነፍሰው።

መጠኑ ሲዛባ ችግር ይመጣል። ቤንዚኑ ከመጠን በላይ ካነሰ እሳቱ አይያዝም፤ ቢያዝም ይጠፋል። ቤንዚኑ ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ኃይሉም ይደክማል። የእንጀራ ሊጥ ሲቀጥንም ሲወፍርም እንጀራው አይሆንም። የቤንዚንና የአየር ድብልቅም እንደዚያው ነው።

ይህን ድብልቅ የሚለካው ዕቃ ካርቡራተር ይባላል። በናፍጣ የሚሠራው ፓምፕ ካርቡራተር የለውም። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በቤንዚን ስለሚሠራው ብቻ ነው።

ካርቡራተር እንዴት ይሠራል?

ካርቡራተር ሁለት ዋና ክፍል አለው። አንዱ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ገንዳ ነው። ሌላው አየር የሚያልፍበት ጉሮሮ ነው።

በገንዳው ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ዕቃ አለ። ቤንዚኑ ሲጎድል ተንሳፋፊው ዝቅ ይልና መግቢያውን ይከፍታል። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መግቢያውን ይዘጋል። በዚህ ዓይነት ገንዳው ዘወትር በልክ እንደ ሞላ ይኖራል።

ጉሮሮው ደግሞ መኻሉ ላይ ጠበብ ይላል። መስኖ የምታጠጡ ሰዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ቦይ በጠበበበት ቦታ ላይ ውሃው ይፈጥናል። አየርም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል። አየር ሲፈጥን ወደ ጎን የመግፋት ኃይሉ ይቀንሳል። እዚያው ጠባቡ ላይ ከገንዳው የሚመጣ ቀጭን ቀዳዳ አለ። በጉሮሮው ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ስለቀነሰ፣ በገንዳው ላይ ያለው አየር ቤንዚኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቤንዚኑም በቀዳዳው ወጥቶ፣ እንደ ካፊያ ተበትኖ፣ ከአየሩ ጋር ይሄዳል።

ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፒስተኑ ይጨምቀዋል። ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይሰጠዋል። ድብልቁ ይነድና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ይህ ግፊት ነው።

ብርድ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፈሳሽ ቤንዚን ራሱ አይነድም። የሚነደው ወደ አየር የተነነው፣ እንደ እንፋሎት የሆነው ቤንዚን ነው። ጠብታው እስኪተን ድረስ ብልጭታው ምንም አያደርገውም።

ታጥቦ የተሰጣ ጋቢ አስቡ። በቀትር ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። በብርድ ጠዋት ግን ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ብርድ ሲሆን ውሃው ቶሎ አይተንም። ቤንዚንም ብርድ ላይ እንደልቡ አይተንም።

ሌላም ነገር አለ። ቤንዚን አንድ ዓይነት ፈሳሽ ብቻ አይደለም። ቀላልና ከባድ የሆኑ ብዙ ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚገኙበት ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ይህን ያውቁታል። ጋኑ ሲሞቅ በመጀመሪያ የሚወጣው ኃይለኛው ነው፤ ኋላ የሚመጣው ቀጭን ነው። ቤንዚንም ሲሞቅ ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ይወጣል። ቀላሉ ክፍል በ35 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከባዱ ክፍል ግን እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል።

እንግዲህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ምን ይሆናል? ከገባው ቤንዚን ውስጥ የሚተንለት ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ጠብታ ሆኖ፣ እንደ ጠዋት ጤዛ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ይለጠፋል። ካርቡራተሩ በልክ ሰጥቷል፤ እሳቱ ዘንድ የደረሰው ግን ከልክ በታች ነው። ስለዚህ ሞተሩ ተራበ ማለት ነው። ገመዱን ብትስቡ፣ ብትስቡ አይነሣም።

በዚያ ላይ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። አረቄ በእጃችሁ ላይ ሲፈስ ቀዝቀዝ የሚላችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። ካርቡራተሩም ቤንዚኑ በውስጡ ሲተን ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እንዲያውም እርጥበት ባለበት ቀዝቃዛ አየር አንዳንድ ጊዜ በጉሮሮው ውስጥ በረዶ እስከ መጋገር ይደርሳል።

ቾክ ምን ትሠራለች?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከገባው ቤንዚን ጥቂቱ ብቻ የሚተን ከሆነ፣ ቤንዚኑን አብዝቶ መስጠት ነው። ብዙ ሲገባ፣ ከብዙው ውስጥ የሚተነው ጥቂት ክፍል ለእሳቱ ይበቃል። ይህን የምታደርገው ያች ትንሽ ክዳን ናት። ሞተረኞች ቾክ ይሏታል።

ቾክ የምትገኘው በጉሮሮው መግቢያ ላይ ነው። ስትዘጋ አየር እንዳይገባ ታደርጋለች። ታዲያ አየር ዘግታ ቤንዚን እንዴት ታበዛለች?

መቅኒ ከአጥንት ስትመጡ አስቡ። አጥንቱ በጎን በኩል የተሰነጠቀ ከሆነ የምትመጡት አየር ብቻ ይሆናል፤ መቅኒው አይመጣም። ስንጥቁን በጣታችሁ ብትደፍኑት ግን መቅኒው ሸተት ብሎ ይመጣል። ሞተርም እንዲሁ ይመጣል። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል። ቾክ የአየሩን በር ስትዘጋበት ጊዜ የስበቱ ኃይል በሙሉ በቤንዚኑ ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቤንዚኑ በብዛት ይመጣል፤ አየሩም ያንሳል።

ሲሞቅስ?

ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ብረቱ ይሞቃል። ብረቱ ሲሞቅ ቤንዚኑ ሁሉ ይተናል። እንግዲህ ያ ትርፍ ቤንዚን አያስፈልግም። ቾክ እንደ ተዘጋች ከቀረች ሞተሩ ከመጠን በላይ በልቶ ይታመማል።

የሕመሙ ምልክት እነሆ። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ድምፁ ይንተባተባል። ኃይሉ ይደክማል፤ ውሃውም እየቀጠነ ይመጣል። ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ብልጭታ ይነፍጋል። ከዚህም የባሰው በዓይን አይታይም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ የዘይቱን ልስላሴ ያነሣዋል፤ ወደ ዘይቱም ወርዶ ያቀጥነዋል። ያን ጊዜ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ዕድሜው ብዙ ዓመት የነበረው ሞተር በአጭር ጊዜ ያረጃል።

በደጋና በወይና ደጋ አገር ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ልትጠነቀቁ ይገባል። ከፍ ባለ ቦታ አየር ስስ ነው። የጣና ሐይቅ ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የተሠራ ከሆነ፣ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚያንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። በዚያ ላይ ቾክ ከተዘጋ በትርፍ ላይ ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ እንደ ሞቀ ቾክን መክፈት አትርሱ።

ይህን ሥራ ቀድሞ ማን ይሠራው ነበር?

ይህ ችግር የእናንተ ብቻ አይደለም። ሞተር ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ሲታገልበት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ካርል ቤንዝ የተባለ ጀርመናዊ በቤንዚን ለሚሄድ ባለ ሦስት እግር መኪናው የፈጠራ መብት አገኘ። የእርሱ ካርቡራተር አየሩን በቤንዚን ላይ አሳልፎ፣ የሚተነውን ብቻ ይዞ እንዲሄድ የሚያደርግ ነበር። ብርድና ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ድብልቁም ይለዋወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ቪልሄልም ማይባክ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ቤንዚኑን በቀዳዳ እየረጨ የሚሰጥ ካርቡራተር ሠራ። በዚያው ዓመት ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ የሃንጋሪ ሰዎችም ለራሳቸው ካርቡራተር የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። የዛሬው ፓምፓችሁ ካርቡራተር የዚያ ዘር ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት መኪና ነጂው ቾክን በእጁ እየሳበ ይዘጋ፣ እየገፋ ይከፍት ነበር። ነጂው ግን ይረሳል። ስለዚህ ራሷ የምትዘጋና የምትከፈት ቾክ ተፈለገች። ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለችው ቾክ በመኪናዎች ላይ መታየት ጀመረች። አሠራሯ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ስስ ብረት ጀርባ ለጀርባ ይጣበቃል። ከዚያም እንደ ቀንድ አውጣ ይጠመዘዛል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ግን አንዱ ብረት ከሌላው ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ጥምዙ ሲሞቅ ይዞራል፤ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። ጫፉ ከክዳኗ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ክዳኗን ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፍታል።

አዲስ አበባ የሄዳችሁ ሰዎች ቮልስ የሚባለውን ክብ ጀርባ ያለውን መኪና አይታችሁ ይሆናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ቮልሶች ይህ ጥምዝ ነበራቸው። ነጂው ቁልፉን ሲከፍት ጥምዙ በኤሌክትሪክ እየሞቀ ክዳኗን ቀስ በቀስ ይከፍታት ነበር። ካርቡራተሩ ሥር ባለው የድብልቅ ቱቦ አጠገብም የሞተሩ ትኩስ ጭስ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ነበረ። ይህም ድብልቁ እንዳይቀዘቅዝ ያሞቀዋል። የዛሬዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ካርቡራተር የላቸውም። የሞተሩን ሙቀት የሚለካ መሣሪያና ቤንዚኑን የሚመጥን ኮምፒዩተር አላቸው።

በመስኖ ፓምፓችሁ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጥምዙም የለም፤ ኮምፒዩተሩም የለም። ታዲያ ሙቀቱን የሚለካው ማን ነው? ክዳኗን በጊዜው የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው? እናንተ ናችሁ! የዚያ ጥምዝ ብረት ሥራ በእናንተ እጅ ላይ ነው። ይህን ቃል ያዙልን፤ የንግግራችን ዋና ፍሬ ይኸው ነው።

እኛም ተሳስተን ነበር

የእናንተን ስሕተት ብቻ አንናገርም። እኛም ሥራውን ስንጀምር ተሳስተናል። አንድ ጠዋት ወንዝ ዳር ያለ ፓምፕ አልነሣ ሲለን ካቻቢቴ አነሣን። በካርቡራተሩ ጎን ላይ ድብልቁን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች። እሷን ወዲያና ወዲህ ስንጠመዝዝ ቆየን፤ በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ። «አየህ፣ እጃችን ወርቅ ነው!» ተባባልን።

ቀትር ላይ ግን ሞተሩ ሲሞቅ ጥቁር ጭሱን ያንቦለቡለው ጀመር። ማሳው ሳይጠጣ ቤንዚኑ አለቀ። ባለቤቱ የቤንዚኑን ዋጋ በብድር ያገኘው ነበር። ያን ቀን ዓይኑን ማየት አቃተን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተምረናል። የብርድ ነገር የቾክ ሥራ እንጂ የብሎን ሥራ አይደለም። ብርድ በጠዋት መጥቶ በረፋድ ይሄዳል። ብሎኗን ግን ከጠመዘዝናት እንደ ተጠመዘዘች ትቀራለች። ለሚያልፍ ብርድ ብላችሁ የማያልፍ ነገር አትንኩ።

አሠራሩ በተራ

አሁን ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ እንንገራችሁ።

1. የፓምፑን ሆድ ውሃ ሙሉበት። ፓምፕ ያለ ውሃ ከዞረ ውሃ እንዳይፈስ የሚከለክለው ክፍል ይቃጠላል። ዘይቱንም እዩ።

2. ቤንዚኑን ክፈቱ። የሞተሩን ማብሪያ አብሩ።

3. ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾክን ዝጉ። የፍጥነቱን እጀታ ጥቂት ከፈት አድርጉ።

4. ገመዱን እስኪከብድ ድረስ በቀስታ ሳቡ። ከዚያ ባንድ ጊዜ በኃይል ሳቡ። ገመዱን አትልቀቁት፤ በእጃችሁ ይዛችሁ መልሱት።

5. ሞተሩ ሲነሣ ቾክን በግማሽ ክፈቱ። ድምፁ ሲስተካከል ቀስ በቀስ ክፈቱ። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ በሙሉ መከፈት አለባት።

6. ከዚህ በኋላ ፍጥነቱን ጨምራችሁ ውሃውን ሳቡ።

7. ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ሞተሩ ገና ሙቅ ከሆነ ቾክን አትዝጉ። ክፍት አድርጋችሁ ሳቡት።

ብዙ ጊዜ ስባችሁ ባይነሣስ? የቤንዚን ሽታ ከሸተታችሁ ሞተሩ በቤንዚን ጠጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቾክን በሙሉ ክፈቱ፤ የፍጥነቱንም እጀታ በሙሉ ክፈቱ፤ ከዚያ ደጋግማችሁ ሳቡ። ይህም ካልሆነ ማብሪያውን አጥፉና ካንዴላውን ፍቱ። በጨርቅ አድርቁት። ጥቂት ቆዩና መልሳችሁ እሰሩት። በዚህ ጊዜ አጠገባችሁ ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት እንዳይኖር!

ካንዴላውን ስትፈቱ ቀለሙን እዩ፤ እሱ ይነግራችኋል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይ ቾክ አልተከፈተችም፣ ወይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል።

ሞተሩ ጠዋት ብቻ እምቢ የሚል ከሆነ፣ እንደ እኒያ አባት እንዳይሆንባችሁ አንድ ነገር አድርጉ። የአየር ማጣሪያውን ክፈቱና አንዳችሁ እጀታውን ግፉ። ሌላው ክዳኗን ይይ። ክዳኗ በሙሉ ትዘጋለች? በሙሉ ትከፈታለች? ይህን ለማየት ጠጋኝም ገንዘብም አያስፈልግም።

የጉድጓዱ አደጋ

ከመለያየታችን በፊት ከሁሉ የሚበልጠውን እንንገራችሁ።

ቤንዚን በቂ አየር አግኝቶ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ አይታይም፤ አይሸትም። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። ሞተር ሁሉ ይህን መርዝ ያወጣል፤ ቾክ የተዘጋበት ሞተር ግን በጣም አብዝቶ ያወጣል። ሰው ሲተነፍሰው ደሙ አየር መሸከም ይሳነዋል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ከዚያ ሰው እንደ ተኛ ይቀራል።

እንግዲህ አስቡት። የጉድጓድ ውሃ ሲርቅ ፓምፕ ከላይ ሆኖ ሊስበው አይችልም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ፓምፑን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ያስነሣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነውና ቾክን ይዘጋል። መርዙ ጉድጓዱን ይሞላል። ሰውየው ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፤ እሱም ይወድቃል። በልዩ ልዩ አገር ሰዎች በዚህ ዓይነት ሞተዋል።

ስለዚህ የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አታስነሡ። ቤት ውስጥም፣ በር በተዘጋ ጎተራ ውስጥም አታስነሡ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ብታዩ ተከትላችሁ አትውረዱ። ሞተሩ በውጭ ሆኖ የሚጠፋ ከሆነ አጥፉ፤ ጩኹና ሰው ሰብስቡ፤ ሰውየው በገመድ ከታሰረ ከላይ ሆናችሁ ሳቡት። ደግሞም በሚሠራ ወይም በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አትጨምሩ። አጥፉት፤ እስኪበርድ ጠብቁ።

ማጠቃለያ

ውድ አድማጮቻችን፤ ሞተር ዓይን አይበላውም። ሞተር ይበርደዋል፤ ሞተር ይሞቀዋል። ሲበርደው ቤንዚን አብዙለት፤ ሲሞቀው ቀንሱለት። ለዚህ የተሠራችው ያች ትንሽ ክዳን ናት። የምትዘጋውና የምትከፈተው ግን በእናንተ እጅ ነው።

ዛሬ የሰማችሁትን ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ማንበብ ላልቻለም አንብቡለት። የአንዱ ችግኝ ሲደርቅ ጉዳቱ የሁላችን ነውና።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

1. የእኒያ አባት ሞተር ጠዋት እምቢ ብሎ ቀትር ላይ በአንድ ሳብታ የተነሣው ለምንድን ነው?
2. ቾክ አየሩን ስትዘጋ ቤንዚኑ የሚበዛው እንዴት ነው? በመቅኒው ምሳሌ አስረዱ።
3. ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾክ ተዘግታ ብትቀር ምን ምን ጉዳት ይደርሳል?
4. ለጠዋት ብርድ ብሎ ብሎን መጠምዘዝ ስሕተት የሆነው ለምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ የሚያስነሣ ሰው አለ? ምን ትሉታላችሁ?